ሰው የት ያበቃል? ጣናስ የት ይጀምራል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

«ድኅረ ሰብአዊነት» ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፕ የተገጠመለት፣ ሞትን ያሸነፈ ሰው ይታየናል። ያ ሌላ ሐሳብ ነው፤ ሰውን በቴክኖሎጂ እናግዝፈው ይላል እንጂ ከዙፋኑ አያወርደውም። የዛሬው ርእሳችን ዙፋኑን ራሱን ይጠይቃል፦ ሰውን ከሌላው ፍጥረት የሚለየውን መስመር ማን አሰመረው? ሲሰመርስ ማን ውጭ ቀረ?

ከገላችን እንጀምር። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ እንግዳ በሽታ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ገላውን የሚታጠበውን፣ መረብ የሚጎትተውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባና በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። ታካሚው ወደዚያው ውኃ ሲመለስ ግን እንደገና ይያዛል፤ ምክንያቱም ያከምነው ቆዳው ላይ የሚያበቃውን ሰው ብቻ ነው። መጸዳጃ ቤቱ፣ ቀንድ አውጣውና ዳርቻው ሳይታከሙ ቀርተዋል።

ሕጉም ቢሆን መስመሩን እንደ አስፈላጊነቱ ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ የመብት ባለቤት ነው ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ደግሞ የተጸነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ። 48 ሰዓት ከኖረ ለመኖር እንደሚችል ይቆጠራል። በቁጥር 398 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕግ ፊት ሰው ናት። አክሲዮን ማኅበርም ይከሳል፣ ይከሰሳል። ስለዚህ ሰው ያልሆነ አካል ችሎት መቆሙ አያስገርምም።

ሐይቅና ወንዝስ? ሦስት ሙከራዎችን ጎን ለጎን እንያቸው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 የዋንጋኑይን ወንዝ ከተራራው እስከ ባሕሩ አንድ ሕጋዊ ሰው አደረገች፤ ሁለት ተወካዮች፣ አንዱን መንግሥት ሌላውን የወንዙ የማኦሪ ሕዝቦች የሚያቀርቡት፣ በስሙ ይናገራሉ፤ 30 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ፈንድም ተመደበለት። በዚያው ዓመት የሕንድ ኡታራካንድ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ጋንጀስንና ያሙናን ሕጋዊ ሰው አለ፤ ክፍለ ግዛቱ ራሱ ይግባኝ ብሎ፣ ወንዞቹ ሌሎች ግዛቶችንም ያቋርጣሉ፣ ጎርፍ ሰው ቢገድል ማን ይከሰሳል ብሎ ጠየቀ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ውሳኔውን አገደው። በአሜሪካ የቶሌዶ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢሪ ሐይቅ መብት የሚሰጥ ሕግ በድምፅ አጸደቁ፤ በዓመቱ አንድ የፌዴራል ዳኛ በጣም ግልጽነት የጎደለው ነው ብለው ሻሩት። የማን ድርጊት የትኛውን መብት እንደሚጥስ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም ነበር። ዳኛው የሚወቀሱ አይመስለንም።

አሁን ወደ ጣና። ወሰኑ የቱ ነው? ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቻራ ቻራ ላይ ያለው ግድብ የውኃውን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል እንዲቆጣጠር የተሠራ ነው። በፎገራና በደምቢያ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ትንሽ የከፍታ ለውጥ ሰፊ መሬት ይገልጣል፤ ገበሬው ባሕር ሸሹን፣ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት፣ ያርሳል። እዚያው ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የቆየ የእምቦጭ አረም ዘር ይበቅላል። ሌላ የትም የማይገኙት የጣና ባርበስ ዓሣዎች በርከት ያሉት ዝርያዎች ደግሞ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ የወንዙ አፍ ላይ ከተዘረጋ እንቁላል ያዘለችው ዓሣ እዚያው ትቀራለች። ውኃው ዳር ላይ የሚቆም ወሰን እነዚህን ዓሣዎች ከጣና ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ወሰኑ ባሕር ሸሹንና ዓሣው የሚወጣባቸውን ወንዞች መያዝ አለበት።

አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስ የሚሠራ ነገር አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። «ጣና ታሟል» የሚል አቤቱታ የቶሌዶን ዕጣ ይደርስበታል። አንድ የፍሳሽ ቱቦ፣ አንድ ቀን፣ በጠርሙስ የተቀዳ ናሙና፣ የባለቤቱ ስም፤ እነዚህ ያስፈልጋሉ።

እምቦጭ ላይ ይህ መንገድ ይዘጋል። አረሙን የሚመግበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከማሳው ማዳበሪያና ከከተማው ፍሳሽ ተደባልቆ ይመጣል፤ ተከሳሹ ሁላችንም ነን። የታጨደው ዳር ላይ ከተተወም ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ለዚህ ከክስ ይልቅ በጀት ያለው፣ ወንዝ በወንዝ የሚደራደር ሞግዚት ያሻል። በእኛ አስተያየት ሞግዚቱ ይቅደም፣ «ሕጋዊ ሰው» የሚለው ስም ይከተል።

እንደ ኒውዚላንድ ሁለት ወንበር ቢኖር አንዱ የመንግሥት ይሆናል። ሁለተኛው ለዓሣ አጥማጁ ይሰጥ ወይስ ለባሕር ሸሹ ገበሬ? የቻራ ቻራ በር ሲከፈት የሁለቱ ጥቅም ይጋጫል፤ ውይይታችንን ከዚህ ብንጀምር ይሻላል።