መግቢያው ነጻ ይሁን፣ ሙዚቀኛው ግን ይከፈለው

የተከበራችሁ የነዋሪ ማኅበራት ኮሚቴዎች፣ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ በሕንጻዎቻችን ሥር ሱቅ ከፍታችሁ የምትሠሩ ነጋዴዎች፣ ከወረዳችን የመጣችሁ እንግዶች፣ መሣሪያችሁን ይዛችሁ የተገኛችሁ ሙዚቀኞች፤ የዕረፍት ሰዓታችሁን ሰውታችሁ ጥሪያችንን ስላከበራችሁ በአዘጋጆቹ ስም ከልብ አመሰግናለሁ።

ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አጭር ነው። እዚህ ጀሞ፣ በብሎኮቻችን መካከል፣ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትኬት የማይቆረጥበት፣ ከልጅ እስከ አዛውንት የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚታደምበት የሙዚቃ ዝግጅት ይኑረን፤ ለሚጫወቱልን ሙዚቀኞች ደግሞ እኛው ተመካክረን የድካማቸውን ዋጋ እንክፈል ነው የምለው። የመጀመሪያውን ሐሳብ ለማንም ሳነሣ ሰው በደስታ ይቀበለኛል። ወደ ሁለተኛው ስሻገር ግን ዝምታ ይሰፍናል። ስለዚህ ዛሬ አብዝቼ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ይሆናል።

ባለፈው ጥቅምት የሞከርነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የልብስ ማስጫ ገመዱን ፈትተን፣ የዕድሩን አግዳሚ ወንበሮች ደርድረን፣ መብራቱን ከአንድ ጎረቤታችን መስኮት በኤክስቴንሽን ስበን፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና ኪቦርድ የያዙ አራት ሙዚቀኞች ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወቱልን። መጀመሪያ ላይ ወንበሩን የሞሉት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ትልልቁ ሰው በየበረንዳው ክንዱን አስደግፎ ከላይ ይመለከት ነበር። ትዝታ ሲጀመር ግን፣ ለዓመታት ካዛንቺስ ኖረው በዕጣ ወደ እኛ ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱና ከማሲንቆ መቺው ፊት ለፊት ቆመው አንድ ስንኝ ሰጡት። እሱም ተቀብሎ ሲያዜመው ከየፎቁ እልልታው ቀለጠ። በኋላ ወንበር ስሰጣቸው፣ «ካዛንቺስ ሳለሁ የአዝማሪ ቤቱ ጎረቤቴ ስለነበር በግድግዳ በኩል ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ፊቱን እያየሁ ስሰማ ግን ዛሬ ገና ነው» አሉኝ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ዳቦና ቡና አቅርበን፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለን ሙዚቀኞቹን ሸኘናቸው። እስከ በሩ ተከትያቸው ስሄድ ኪቦርድ ተጫዋቹ ስፒከሮቹን ያመጣበትን የሚኒባስ ኪራይ ከገዛ ኪሱ አውጥቶ ሲከፍል አየሁ። ማሲንቆ መቺውም ለዚያ ቀን የመጣለትን የሠርግ ጥሪ ስለ እኛ ብሎ እንደተወው የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ እኔ ነበርኩና ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዳቦ ለጋገሩት ለዱቄቱ ከፍለናል፤ ወንበር ላጓጓዙት ወጣቶች የላብ መተኪያ ሰጥተናል። ሁላችንን ከቤታችን ያወጣንን ሰው ግን በባዶ እጁ ሸኘነው።

ይህ ደግሞ ባህላችን አይደለም። በቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ሙልሙል ሳይሰጣቸው ከደጃችን አይመለሱም። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ እያሉ የሚመጡ ሴት ልጆችም ሣንቲም ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ጎሕ ሳይቀድ በራችን ላይ ቆመው የሚያዜሙት ላሊበላዎች እንኳ የሚገባቸውን ይዘው መርቀው ይሄዳሉ። አዝማሪው ዘንድ ሲኬድም መግቢያ ክፍያ የሚባል ነገር ባይኖርም ሽልማት አለ፤ የወደደ ሰው ተነሥቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ዜማን ለሁሉም ክፍት አድርገው፣ ዜመኛውን ግን እያከበሩና እየሸለሙ ነው የኖሩት። ዘፋኝ በነጻ እንዲዘፍን መጠበቅ የኋላ ኋላ የለመድነው ነገር ነው።

ወርቃማ የምንለው የሙዚቃችን ዘመን ከየት እንደመጣ መለስ ብለን ብናይም ያው ነው የምናገኘው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተደራጁ፤ ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤትም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ መድረክ ሲያዜሙ ከኋላቸው የተሰለፉት ሳክስፎንና ትራምፔት ነፊዎች የወር ደሞዝ፣ የመለማመጃ አዳራሽና መሣሪያ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። በተፈጥሮ ተሰጥዖ ብቻ ያን ያህል ሥራ አይሠራም ነበር። በየቀኑ ለመለማመድ ጊዜ ማግኘት፣ ጊዜ ለማግኘት ደግሞ የቤት ኪራይ ሳያስጨንቅ ማደር ያስፈልጋል። ይህንንም፣ ሙዚቃ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት፣ በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ጎበዙ ሁሉ የሚያቆመው ተሰጥዖው አልቆበት አይደለም።

ልጆች ሙዚቀኛን በቅርብ ማየታቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ይጠርግ የነበረ፣ ኋላም የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች የሚያዘወትሩት አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ዘፋኞቹ በቀሩበት አንድ ምሽት መድረክ ላይ የወጣ ሰው ነው። ሥራው ሙዚቃው ካለበት ቤት ባያውለው ኖሮ ያ ምሽት ባልመጣለት ነበር። የእኛ ልጆች ዘፈን የሚያውቁት ከስልክ ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ልጅ ክራሩ ሲቃኝ አጎንብሶ ጣቶቹን ይከታተል ነበር፤ ክራር መቺው ከጨረሰ በኋላ አንዷን አውታር እንዲነካት ፈቀደለት። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቀኛል።

በሰፈር ደረጃ ሙዚቃ ስናዘጋጅ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በደርግ ዘመን የቀበሌና የከፍተኛ፣ ማለትም ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር፣ ኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ ዛሬ የምናከብራቸው በርካታ ድምፃውያን መድረክ የለመዱት እዚያ ነው። ያ አሠራር ግን ዘፋኙ ሥርዓቱን እንዲያወድስ ያስገድድ ስለነበር የእኛ መድረክ ከዚህ መጠንቀቅ አለበት። ከፖለቲካ ንግግርም ከዕቃ ማስታወቂያም የጸዳ እንዲሆን እንድንስማማ እለምናለሁ፤ ገንዘብ ያዋጣ ነጋዴ ስሙ ይመስገን፣ በዘፈንና በዘፈን መካከል ግን ማይክሮፎን አይያዝ።

በሌላ ሀገርም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ ተገኝቶለታል። አሜሪካ ውስጥ ዘፈን የሚቀረጽበት ሸክላ ሲስፋፋ ቀጥታ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ሥራ እያጡ ስለሄዱ የሙዚቀኞቹ ማኅበር በ1942 እ.ኤ.አ. ቀረጻ እስከ ማቆም ደረሰ። ከረጅም ክርክር በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፈንድ ከሸክላ ሽያጭ ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነውን እየሰበሰበ፣ በመናፈሻ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ለሚቀርቡ ነጻ ዝግጅቶች የሙዚቀኞቹን ክፍያ ይሸፍን ጀመር። አድማጩ ምንም አይከፍልም፣ ሙዚቀኛው ግን ሙሉ ክፍያውን ያገኛል። እኛ የሸክላ ኩባንያ የለንም፤ ብሎክ፣ ዕድርና ሱቅ ግን አለን።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የዕድር ገንዘብ ለለቅሶ የተቀመጠ ነውና አይነካ፤ ከዕድሩ የምንለምነው ወንበሩንና ድንኳኑን ብቻ ነው። ለክፍያው እያንዳንዱ ብሎክ በወር ትንሽ ያዋጣ፣ ሱቆቹ ይጨምሩበት፣ በዕለቱ ደግሞ የሽልማት ሣጥን ይዙር። ሣጥኑ ግን ጉርሻ ነው፤ የሙዚቀኛው ክፍያ አስቀድሞ በስምምነት ተወስኖ፣ ሣጥኑ ቢሞላም ባይሞላም፣ በዚያው ቀን ከሰፈር ሳይወጣ በእጁ ይሰጠው። የስፒከር ኪራይና የመጓጓዣ ወጪም ከእሱ ክፍያ ሳይቀነስ እኛ እንቻለው።

ስለ ጩኸት የሚሰጉ ጎረቤቶች አሉ፤ ስጋታቸው ትክክል ነው። ከ9 ሰዓት ጀምረን 11 ሰዓት ላይ እንጨርስ፤ አዛን ሲሰማ ሙዚቃው ይቁም፤ በዐቢይ ጾም ዝግጅት አይኑር። ከብሎኮቻችን በአንዱ ለቅሶ ከገባ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ቢሆን እንኳ ለሌላ ቅዳሜ ይተላለፍ፤ ሙዚቀኞቹ ግን ቀናቸውን ለእኛ ይዘው ስለነበር ግማሽ ክፍያቸው አይቀርባቸው። የፈቃዱን ደብዳቤ ለወረዳውና ለፖሊስ ለማድረስ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።

የመጀመሪያው ዝግጅት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንዲሆን አስበናል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት መዝገብ አለ። በአንደኛው ብሎኮችና ሱቆች የሚችሉትን ይጽፋሉ። ሁለተኛው የሙዚቀኞች ነው፤ ስማችሁን፣ የምትጫወቱትን መሣሪያና ለሁለት ሰዓት የምትጠይቁትን ክፍያ ታሰፍሩበታላችሁ። ቅድም ሳየው ሦስት ሙዚቀኞች ስማቸውን ጽፈው የክፍያውን ቦታ ባዶ ትተውታል። እባካችሁ ስትወጡ ተመልሳችሁ ቁጥሩን ሙሉት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።