አንድ ምስል፣ ሁለት ፀሐይ

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ጥላ ነው። ፎቶ ማሰናጃው ፕሮግራም፣ ፎቶሾፕ ውስጥ ስለሚሠራ ጥላ።

ሰሞኑን ጀማሪ እያለሁ የሠራሁትን አንድ ፖስተር ከፈትኩት። አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ቆማለች፣ ከላይ ትልቅ ርዕስ አለ። ርዕሱ ላይ ያልጫንኩት ነገር የለም። ጥላ የሚጥለው ድሮፕ ሻዶው፣ ዙሪያውን የሚያሰምረው ስትሮክ፣ የተቀረጸ የሚያስመስለው ቤቭል፣ የሚያበራው ግሎው። ሌየር ስታይል በሚባለው የማስዋቢያ ዝርዝር ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ራይት አድርጌዋለሁ። ያኔ ደረቴን ነፍቼበት ነበር እኮ!

ብዛቱስ ይሁን። የገረመኝ ሌላ ነው። መስኮቱ በምስሉ ቀኝ በኩል ነው፤ የሴትዮዋ ፊትም በዚያው በኩል በርቷል። የርዕሱ ጥላ ደግሞ ወደ ቀኝ ወድቋል። ብርሃኑ ከግራ መጣ እያለ ነው። አንግሉን፣ ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫ በዲግሪ፣ ሳየው 120 ነው፣ ማለትም ከላይ ከግራ። ወደ 40፣ ማለትም ወደ ላይኛው ቀኝ፣ ሳመጣው ጥላው ዞረ፣ ርዕሱም ሴትዮዋ ያለችበት ክፍል ውስጥ ገባ።

ታዲያ የሌሎቹ ሌየሮች፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደሩት የምስሉ ንጣፎች፣ ጥላም አብሮ ዞረ። ይህ ለሁሉም አንድ የብርሃን አቅጣጫ የምትሰጠው፣ ግሎባል ላይት የምትባለዋ ራይት ሥራ ነው። ድሮ ፕሮግራሙ የተበላሸ እየመሰለኝ በየሌየሩ አጠፋት ነበር። ለካ ሁለት ፀሐይ እንዳይወጣ የምትጠብቀኝ እሷ ኖራለች።

እስቲ እጃችሁን ከመብራት ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ስታስጠጉት ጥላው ጠርዙ ይጠራል፣ ስታነሱት ይርቅና ይደበዝዛል። ዲስታንስ የጥላው ርቀት፣ ሳይዝ የጠርዙ ብዥታ፣ ይኸው ናቸው። እኔ ግን ዲስታንሱን አርቄ ጠርዙን እንደ ምላጭ አደርገው ነበር። ቀለሙንም ጥቁር ብቻ አትተዉት። ከፎቶው ጨለማ ቦታ ላይ ቅዱ፣ ብሌንድ ሞዱን፣ ጥላው ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ፣ የሚያጨልመው ማልቲፕላይ ላይ ተዉት።

ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ የሚወስኑት ፊልና ኦፓሲቲም አንድ ይመስሉኝ ነበር። ኦፓሲቲን ዜሮ ካደረጋችሁት ጽሑፉም ጥላውም ይጠፋል። ፊልን ዜሮ ስታደርጉ ግን ጽሑፉ ይጠፋና ስታይሉ ይቀራል። የመስታወት ፊደል የሚሠራው በዚህ ነው።

ሌየር ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ እንዲህ ያለው ኢፌክት ደግሞ በ1998። በመሃል ያሉት ዓመታት ያሳዝኑኛል። ጥላ ለመሥራት ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ፣ አጥቁሮ፣ አደብዝዞ፣ ትንሽ ገፋ ማድረግ። አንድ ፊደል ከተሳሳተማ እንደገና ከሀ ነው።

ወደ ፖስተሬ ልመለስ። የዓይን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነካሁና ኢፌክቶቹን አጠፋሁ። ግሎው ሄደ፣ ቤቭል ሄደ። ስትሮኩ ላይ እጄ ትንሽ ዘገየ፣ እሱም ሄደ። ጥላው ብቻ ቀረ፣ ኦፓሲቲው 30 ላይ። ያኔ ነው ርዕሱን በደንብ ያነበብኩት። አንድ ፊደል ጎድሏል! በዚያ ሁሉ ግሎው ውስጥ ማን ይየው? ሁለቴ ክሊክ አድርጌ ጨመርኩት። ጥላዋም ወዲያው ከሥሯ ወጣች።