መንጠቆውም መደርደሪያውም ከበሩ ወዲህ፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ቤተሰቦችና የጤና ባለሙያዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው አጀንዳችን አንድ ነው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት። ኮሎስቶሚ፣ ኢሊዮስቶሚ ወይም ዩሮስቶሚ ያለው ሰው፣ ማለትም ከትልቁ አንጀቱ፣ ከትንሹ አንጀቱ ወይም ከሽንት መንገዱ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ (ስቶማ) በኩል ቆዳው ላይ ወደተለጠፈ ከረጢት የሚገባ ሰው፣ ከቤት ሲወጣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለዚሁ ነው። «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ» የተባለው ክፍል እንኳ ብዙ ጊዜ አይበጀውም። በሩ ሰፊ ነው፣ መደገፊያም አለው፤ ዕቃ ማስቀመጫ ግን የለውም።

ከረጢቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሲሞላ ውስጡ ያለው መደፋት አለበት። ካለፈ ክብደቱ ማጣበቂያውን ከቆዳው ያላቅቀዋል። የኢሊዮስቶሚ ፈሳሽ ደግሞ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ስላለበት ቆዳ ካገኘ ያቆስላል። ሥራውን በቅርበት እንየው። ውሃው እንዳይረጭ መጀመሪያ ሶፍት መቀመጫው ውስጥ ይጣላል። የከረጢቱ ጫፍ ወደ ላይ ተይዞ ይፈታል፣ ቁልቁል ይለቀቃል፣ ከውስጥም ከውጭም ተጠርጎ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም እጆች ሥራ ላይ ናቸው፤ የሸሚዙ ጫፍ በአገጭ ተይዟል። መንጠቆ ከሌለ ቦርሳው የሚያርፈው እርጥብ ወለል ላይ ነው።

መቀየር ሲሆን ይብሳል። ስቶማ እንደ ፊንጢጣ የሚቆጣጠረው ጡንቻ ስለሌለው፣ አሮጌው ከረጢት እንደተነሳ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ አዲሱ ከረጢት፣ መጥረጊያውና የቆሻሻው ፌስታል አስቀድመው በእጅ ርቀት መዘርጋት አለባቸው። ቆዳው በውሃ ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ማጣበቂያው አይዝም። ቅባት ያለው መጥረጊያም እንዲሁ ያንሸራትተዋል። መዓዛማ መጥረጊያ የሚያቀርቡ ተቋማት ገንዘቡን ለመደርደሪያ ቢያውሉት ይሻላል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። በሩ ላይ ሁለት መንጠቆ፣ አንዱ ለቦርሳ ሌላው ለልብስ። ከመቀመጫው አጠገብ ቢያንስ 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ መደርደሪያ። የእጅ መታጠቢያውም እዚያው ክፍል ውስጥ ቢሆን እጅግ ይረዳል። መስታወቱ እስከ ሆድ ዝቅ ይበል፤ ማጣበቂያው ብዙ ጊዜ የሚለቀው ከታችኛው ጠርዙ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ከላይ ለሚያይ ዓይን አይታይም።

ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያ ጉዳይ ግን ያሳስበናል። በሴቶች በኩል አንዳንዴ ይገኛል፤ በወንዶች በኩል የሚያስበው እምብዛም ነው። መጣያው ከክፍሉ ውጭ ከሆነ ሰውየው ያገለገለውን ከረጢት ይዞ በሰው መሃል ያልፋል፤ አለዚያም መቀመጫው ውስጥ ይጥለውና ቱቦው ይዘጋል።

ጃፓን ውስጥ በብዙ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ሰው ቆሞ ከረጢቱን የሚደፋበት፣ በሆድ ከፍታ የተተከለና የእጅ ሻወር ያለው ሳህን አለ፤ የራሱ ምልክትም ተለጥፎበታል። እኛ ገና መንጠቆ ላይ ነን። መንጠቆ ግን ዛሬውኑ ሊተከል ይችላል።

አሁን በየጠረጴዛው ቅጽ ይታደላል። እያንዳንዱ ቡድን የሚያውቃቸውን 3 መጸዳጃ ቤቶች መዝግቦ፣ የጎደለውን ዕቃና የጽዳት ኃላፊውን የሥራ ድርሻ ይጻፍ፤ ደብዳቤው ለእሱ ይሄዳል። ጉባኤው ተከፍቷል።