ጀሶና ባዶው ቦታ፦ ስለ አርክቴክቸር ሞዴል የተደረገ ውይይት

ቤዛ፦ ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ርዕሳችን ጀሶ ነው። የግድግዳው አይደለም፣ የተሰበረ እግር የሚታሰርበትም አይደለም። አርክቴክቶች ሞዴል የሚሠሩበት ጀሶ። ናሆም፣ ቀጥታ ልጠይቅህ። ካርቶንና ፎም እያለ ለምን ጀሶ? ይከብዳል፣ ስቱዲዮውን በሙሉ አቧራ ያደርገዋል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል።

ናሆም፦ ሁሉም እውነት ነው። ግን ካርቶን ስትቆርጪ የምታስቢው ስለ ግድግዳ ነው። አንዱን እዚህ ታቆሚያለሽ፣ አንዱን እዚያ፣ ከላይ ጣሪያ ትጭኛለሽ፣ አለቀ። ጀሶ ላይ ቀድመሽ የምትሠሪው ሞልዱን ነው፣ ማለት ጀሶው የሚፈስበትን ፎርማ። መስኮት ከፈለግሽ መስኮቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ፎም ትለጥፊያለሽ። ክፍል ከፈለግሽ ደግሞ የክፍሉን ባዶ ቦታ ራሱን እንደ ዕቃ ቆርጠሽ ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ሰው የሚኖረው እኮ ባዶው ውስጥ ነው። እሱን በእጅሽ ይዘሽ፣ አገላብጠሽ አይተሽ ነው ሥራውን የምትጀምሪው።

ቤዛ፦ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሉዊጂ ሞሬቲ ይሄንኑ እስከ ጥግ ወስዶታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የታወቁ የድሮ ሕንፃዎችን ግድግዳ ትቶ ውስጣቸውን ብቻ ጠጣር አድርጎ በጀሶ አሳየ።

ናሆም፦ እና ፎቶዎቹን ስታዪ የቱ ክፍል እንደሚያጨናንቅ፣ የቱ ላይ ደረትሽ እንደሚከፈት ወዲያው ይገባሻል። ፕላን ላይ ይሄ አይታይም።

ቤዛ፦ እኛ አገር ደግሞ ላሊበላ አለ። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ነው የወጣው። ተማሪ በካርቶን ገጣጥሞ ሲሠራው ሳይ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ያ ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ አልተገጣጠመም።

ናሆም፦ በትክክል። ጀሶውን እንደ ብሎክ አፍስሰሽ፣ ጠንከር ብሎ ገና ሳይደርቅ በቢላና በትንሽ መሮ መፈልፈል ትችያለሽ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያሉትን መስቀሎች፣ ቀጥሎ ዙሪያውን ጉድጓድ፣ ከዚያ በሩን፣ በመጨረሻ ውስጡን። አንዴ ያነሳሽውን መመለስ አትችይም። ያንን ጥንቃቄ እጅሽ ሲማረው ፈልፋዮቹ ምን ያህል አስቀድመው ማሰብ እንደነበረባቸው ይገባሻል።

ቤዛ፦ ወደ ባርሴሎና እንሂድ፣ ምክንያቱም ስፔናዊውን አርክቴክት ጋውዲን ሳናነሳ ይሄን ክፍል መጨረስ አንችልም።

ናሆም፦ አንችልም! ጋውዲ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚያ ያለውን የሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን በዋናነት ያጠናው በትልልቅ የጀሶ ሞዴሎች ነው፣ በ1፡25 እና በ1፡10። በ1፡10፣ ማለትም ከእውነተኛው አሥር እጥፍ አንሶ እንኳ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዓምድ ማለት ነው። እሱ በ1926 ሞተ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ወርክሾፑ ተቃጠለ፣ ሞዴሎቹም ተሰባበሩ። ወረቀቱ ነደደ፣ ጀሶው ግን ስብርባሪው ቀረ፣ ሰዎች ለቃቅመው አስቀመጡት።

ቤዛ፦ ከስብርባሪ ሕንፃ ይሠራል?

ናሆም፦ ከዚህ ስብርባሪ ይሠራል። ጋውዲ የተጠቀመባቸው ቅርጾች፣ እነ ሃይፐርቦሎይድ፣ የተጣመሙ ቢመስሉም ከቀጥታ መስመሮች የሚወለዱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ላይ መስመሮቹን ከለካሽ የቀረውን በስሌት ታገኚዋለሽ። ተከታዮቹ ያደረጉት ይሄንን ነው፣ መጀመሪያ በእጅ፣ በኋላ በኮምፒውተር፣ እና በ2010 ፖፕ ቤኔዲክቶስ የባረኩት የውስጡ አዳራሽ በብዛት ከዚያ የተገኘ ነው።

ቤዛ፦ ይሄ ታሪክ በሰማሁት ቁጥር ይገርመኛል። እሺ፣ አሁን ባልዲውን እናንሳ። አድማጭ ነገ መጀመር ቢፈልግ?

ናሆም፦ መጀመሪያ የያዘውን ነገር ይወቅ። ጀሶ የጂፕሰም ድንጋይ ነው፣ አባይ በረሃ ገደሉ ላይ ያለው ዓይነት። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገር ከውስጡ ውሃ ሦስት አራተኛው ይወጣል። ውሃውን ስትመልሺለት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲጠነክርም ትንሽ ስለሚሰፋ የሞልዱን ጥጋጥግ በደንብ ይሞላል። አደባለቁ ላይ ደግሞ ዱቄቱን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሪው፣ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አይደለም። በእጅሽ እየነሰነስሽ፣ ቀስ እያልሽ። ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳትነኪው ይጠጣ። ስታማስዪም በዝግታ፣ አረፋ እንዳይፈጠር።

ቤዛ፦ መጠኑስ?

ናሆም፦ ለ1 ኪሎ ጀሶ 600 ወይም 700 ግራም ውሃ ጥሩ መነሻ ነው። ውሃው ከበዛ ሞዴሉ ይሳሳል፣ ይፈረፈራል። ሙቅ ውሃና ጨው ያፋጥኑታል። የቆሸሸ ባልዲም እንዲሁ፣ ካለፈው የቀረ ደረቅ ጀሶ አዲሱን ቶሎ ስለሚያስረው። ሞልዱን ውስጡን ቫዝሊን ቀቢው፣ ግን ስስ አድርገሽ፣ የብሩሹ መስመር ሳይቀር ሞዴሉ ላይ ይወጣልና።

ቤዛ፦ ሁለት ነገር እኔ ልጨምር፣ እነዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ነው የምናገረው። የተረፈውን ጀሶ ማጠቢያ ላይ አትድፉ፣ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ባልዲው ላይ ይድረቅና ሰብራችሁ ጣሉት። ሁለተኛው፣ እጃችሁን ወይም የልጅ እጅ ወፍራም ጀሶ ውስጥ ቀብራችሁ ቅርጽ ለማውጣት አትሞክሩ። ሲጠነክር እስከ 60 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል፣ እጅም ይይዛል፣ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል።

ናሆም፦ ዱቄቱን ስታራግፉም ማስክ አድርጉ።

ቤዛ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቀለም ይቀባ?

ናሆም፦ እኔ አልቀባም። ነጭ ጀሶ ላይ ጥላ ጎልቶ ይታያል፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ ብታስቀምጪው ፀሐይ የት እንደምትገባ ቁጭ ብለሽ ማየት ትችያለሽ። የግድ ቀለም ከተፈለገ ዱቄቱ ከመግባቱ በፊት ውሃው ላይ ይበጥበጥ።

ቤዛ፦ በሚቀጥለው ክፍል ስለ ሲሊኮን ሞልድ እናወራለን፣ አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ ማውጣት ለሚፈልግ። ደህና ሰንብቱ።