ጥርስ ተነቅሎ፣ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ተተክሎ አውሮፕላን መቼ መሳፈር ይቻላል?

[ስክሪን ላይ፦ የቀን መቁጠሪያ፤ የበረራው ቀን በቀይ ተከቧል]

ለእረፍት አዲስ አበባ ገብተው ከዘመድ ጥየቃው ጎን ለጎን ጥርሳቸውን የሚያሠሩ ብዙ ናቸው። ችግሩ ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መውደቁ ነው። ሐሙስ መንጋጋ ይነቀላል፤ ዓርብ ማታ የዋሽንግተን በረራ አለ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ፤ ምክንያቱን እናሳያችሁ።

"የአውሮፕላኑ ግፊት የረጋውን ደም መጦ ያወጣዋል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አያወጣውም። ግፊቱ ሲቀንስ አፍ ውስጥም ውጭም እኩል ስለሚቀንስ ደሙን የሚስበው ነገር የለም። ግፊት የሚያሳምመው አየር ታሽጎ የቀረበት ቦታ ሲኖር ነው፦ ሩት ካናሉ (የጥርሱን ሥር ውስጡን ጠርጎ የመሙላት ሕክምናው) ሳያልቅ በጊዜያዊ ሙሌት የተዘጋ ጥርስ፣ በደንብ ያልገጠመ ሙሌት ሥር፣ ወይም ከላይኞቹ መንጋጋዎች ሥር በላይ ያለው ሳይነስ የሚባል አየር የያዘ የአጥንት ክፍተት።

[ስክሪን ላይ፦ ቦሌ 2,300 ሜትር፤ የአውሮፕላን ውስጥ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር፤ ዱባይ የባሕር ጠለል]

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ለየት ትላለች። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ደግሞ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲቀራረብ ይደረጋል። ስለዚህ ከቦሌ ስትነሡ ጥርሳችሁ የሚሰማው ለውጥ ትንሽ ነው፤ እንደ ድሪምላይነር ባሉት አውሮፕላኖች እንዲያውም ግፊቱ ከአዲስ አበባው ሊበልጥ ይችላል። ለውጡ የሚመጣው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ለማረፍ ሲወረድ ነው። ሳይነሱ ካበጠ ወይም ከተደፈነ የላይኛው መንጋጋ ያኔ ይጠዘጥዛል። ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ለሚበር ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ የታሸገው አየር እስከ ሲሶ ያህል ይለጠጣል።

ታዲያ ግፊቱ ካልሆነ የምንጠብቀው ለምንድን ነው? ቁስሉ የራሱ ቀጠሮ ስላለው። ደም በይበልጥ የሚያስቸግረው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል። ድራይ ሶኬት የሚባለው፣ የረጋው ደም ጠፍቶ አጥንቱ ሲራቆት የሚመጣውና እስከ ጆሮ የሚዘልቀው ሕመም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ይጀምራል። መፍትሔው ሐኪም ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ሲያስገባበት ነው፤ ከ13 ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ላይ ደግሞ የጥርስ ሐኪም አይገኝም።

ስለዚህ ተራ ሙሌት ከሆነ ማደንዘዣው እንደለቀቀ መብረር ይቻላል። ያለቀ ሩት ካናል አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ያላለቀና የሚያም ከሆነ ግን አትብረሩ። ቀላል ነቀላ ቢያንስ 2 ቀን፣ ቢቻል 3። ድዱ ተከፍቶ የወጣ ዊዝደም (መጨረሻ ላይ የሚበቅለው መንጋጋ) ወይም የተተከለ ኢምፕላንት አንድ ሳምንት፤ ስፌቱም ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ስለሚወጣ ያኔ ሐኪሙ ያየዋል። የሳይነሱ ወለል ከፍ ተደርጎ አጥንት ከተጨመረ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ያውም ሐኪሙ ሲፈቅድ። ከባዱን ሥራ በመጣችሁበት ሳምንት አስጀምሩት።

የላይኛው መንጋጋ ተነቅሎላችሁ ውኃ ስትጠጡ በአፍንጫ ከወጣ፣ አፍና ሳይነስ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሐኪሙ ሳይዘጋው አትሳፈሩ። ሳይነሳችሁ የተነካ ሰዎች ጆሮ ሲደፈን አፍንጫ ይዞ መንፋት ለእናንተ ክልክል ነው፤ አትናፈጡ፣ ማስነጠስም ከመጣ አፋችሁን ከፍታችሁ ይሁን። ለማረፍ ሲወረድ ከማስቲካ ይልቅ ውኃ በትንሽ በትንሹ መዋጥ ጆሮን ይከፍታል። በኩባያ ጠጡ፤ ደሙን የሚነቅለው በስትሮ መምጠጥ፣ ደጋግሞ መትፋትና ሲጋራ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የእጅ ሻንጣ፤ ጎዝ፣ መድኃኒት፣ ማዘዣ]

መድኃኒቱና ጎዙ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በየ 8 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድና ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ለእነሱ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። አንቲባዮቲክ ሲሆን የአገሩን ሰዓት ሳይሆን በክኒኖቹ መካከል ያለውን ጊዜ ቁጠሩ፤ በየ 8 ሰዓቱ ከተባለ ከመጨረሻው ክኒን 8 ሰዓት ቆይታችሁ ነው። ሜትሮኒዳዞል የምትወስዱ ወይኑ ሲቀርብ እለፉት። በዱባይ በኩል የምታልፉ ልብ በሉ፤ ትራማዶልና ኮዴይን የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። የተሻለው ሐኪሙ ሌላ እንዲያዝላችሁ መጠየቅ ነው።

የካቢኑ አየር ደረቅ ነው፤ ውኃ አብዙ። ከነቀላው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከምግቡ ጋር የሚመጣውን የጨው ከረጢት ለብ ባለ ውኃ በጥብጡና አፋችሁ ውስጥ ያዙት፤ አታንቋርሩ፣ ጭንቅላታችሁን አዘንብላችሁ ብቻ አፍስሱት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለሌላ ጉዞ ይቆዩ፤ ስብርባሪው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል።

ደም ከመጣ ጎዙን አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉና 30 ደቂቃ ሳታነሡት ንከሱ። በየ 5 ደቂቃው እያነሡ ማየት የሚረጋውን ይነቅለዋል። ጎዝ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ የጥቁር ሻይ ከረጢት ይሠራል። ገና ቦሌ ሆናችሁ ሁለቴ እንዲህ ነክሳችሁ ደሙ ካልቆመ፣ ወይም እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ አትሳፈሩ፤ ሻንጣው ሳይጫን ለአየር መንገዱ ሠራተኛ ንገሩና በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ።