አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ለምን አልሠራም? ኬሞቴራፒ፣ የነርቭ ሕመም እና አንቲኦክሲዳንት

[ምስል፦ የሸሚዝ ቁልፍ ለመቆለፍ የሚታገሉ ጣቶች]

እነዚህን የአንዲት የካንሰር ታካሚ ጣቶች እዩአቸው። ቁልፏ ትንሽ ናት። ጣቶቹ ግን ይያዟት አይያዟት አያውቁም፤ ደንዝዘዋል። ማታ ደግሞ እግር ይጀምራል። ይነዝራል፣ ያቃጥላል፣ በመርፌ እንደመውጋት ያደርጋል።

ይህን ያመጣው ካንሰሩ ሳይሆን ኬሞቴራፒው ነው። ፓክሊታክሴል፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ሲስፕላቲን፣ ቪንክሪስቲን የተባሉት የኬሞ መድኃኒቶች ዕጢውን ሲመቱ ነርቭንም ይነካሉ። በ2014 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ ኬሞ በጨረሱ በመጀመሪያው ወር ከ100 ታካሚ 68 ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። ከስድስት ወር በኋላም 30 ያህሉ አይለቃቸውም።

[ምስል፦ ከጀርባ አጥንት እስከ እግር ጣት የሚወርድ ነርቭ]

ለምን ጣት ላይ? የስሜት ነርቭ ሴል ራሱ የተቀመጠው አከርካሪ አጥንት አጠገብ ነው። ጭራው ግን እስከ እግር ጣት ይወርዳል፤ ትልቅ ሰው ላይ አንድ ሜትር ገደማ። አንጎልን ከመድኃኒት የሚከልለው አጥር እነዚህ ሴሎች ዘንድ ልል ነው። ኬሞው ይገባል። በዚያ ረጅም ጭራ ውስጥ ደግሞ ኃይል የሚያመነጩ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያ፣ አሉ። በ2006 ተመራማሪዎች ፓክሊታክሴል የተወጉ አይጦችን ነርቭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ማይቶኮንድሪያዎቹ አብጠውና ውስጣቸው ተቦርቡሮ አገኟቸው። የተጎዳ ማይቶኮንድሪያ እንደተበላሸ ጄኔሬተር ነው፦ መብራቱ ይቀንሳል፣ ጭሱ ይበዛል። ጭሱ ፍሪ ራዲካል የሚባለው ነው።

ታዲያ ጭሱን የሚጠርግ ነገር ብንሰጥስ? አንቲኦክሲዳንት የመጣው በዚህ ሐሳብ ነው።

[ምስል፦ የሽቦ ወለል ያለው ግልጽ ሳጥን፣ ውስጡ አይጥ]

ግን አይጥን «ያምምሻል?» ብሎ እንዴት ይጠየቃል? አይጧ ወለሉ የሽቦ ወንፊት በሆነ ሳጥን ውስጥ ትገባለች። እስክትረጋጋ ይጠበቃል። ከዚያ ከሥር በቀጭን የናይለን ክር መዳፏ ይነካል፤ ክሩ ጎበጥ እስኪል ብቻ። ጤነኛ አይጥ ከቁብ አትቆጥረውም። ኬሞ የወሰደችው ግን እግሯን ድንገት ትሰበስባለች፣ ትልሰዋለች። ለቅዝቃዜ ደግሞ አንዲት ጠብታ አሴቶን፣ ሲተን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ መዳፏ ላይ ይደረጋል።

በዚህ መንገድ ሲለካ ውጤቱ ደስ ያሰኝ ነበር። ፒቢኤን የተባለው ፍሪ ራዲካልን የሚይዝ ኬሚካል የአይጦቹን ሕመም ቀነሰ። ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞንም እንዲሁ። ማይቶኮንድሪያን የሚደግፈው አሲቲል-ኤል-ካርኒቲን ደግሞ ሕመሙን ከመከላከልም አልፎ የጀመረውን አስታገሰ።

ከዚያ ሰው ላይ ተሞከረ።

በ2013 የታተመው የአሜሪካ ጥናት 409 የጡት ካንሰር ታካሚ ሴቶችን አሳተፈ። ግማሾቹ አሲቲል-ኤል-ካርኒቲን በቀን ሦስት ግራም፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል፣ ለ24 ሳምንት ወሰዱ። በ12ኛው ሳምንት ልዩነት አልነበረም። በ24ኛው ግን መድኃኒቱን የወሰዱት ባሰባቸው። አዎ፣ ባሰባቸው። ቫይታሚን ኢም በ2011 በወጣ ሌላ ጥናት ሕመሙን አልከላከለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ አይጦች ወጣት ነበሩ። ካንሰር አልነበረባቸውም። ብዙዎቹ ወንድ ነበሩ፤ የ2013ቱ ጥናት ግን የተደረገው የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ላይ ነው። ብዙ የእንስሳት ጥናቶችም ለኪው የትኛዋ አይጥ ምን እንደወሰደች እንዳያውቅ መደረጉን አልገለጹም። ደግሞ ናይለኑ የሚለካው ንክኪ ሲያስደነግጥ ነው። ያቺ ቁልፍ መያዝ ያቃታት ሴት ችግር ግን መደንዘዝ ነው። አይጧ ስለ መደንዘዝ ብዙም አልተጠየቀችም።

ይህ ማለት የአይጥ ጥናት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጉዳቱ ነርቭ ውስጥ የት እንዳለ ያሳየን እሱ ነው። ከአይጥ ወደ ፋርማሲ መደርደሪያ መዝለሉ ነው ጥፋቱ።

ሌላም ስጋት አለ። አንዳንድ ኬሞ ዕጢውን የሚገድለው በከፊል በዚያው ፍሪ ራዲካል ነው። ነርቭን የሚከልል ነገር ዕጢውንም ሊከልል ይችላል።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የቫይታሚን ጠርሙሶች]

የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2020 መመሪያው ይህን ሕመም ለመከላከል የመከረው መድኃኒት የለም። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ለማስታገስ ዱሎክሴቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ብቻ ይጠቅሳል፤ እፎይታውም መጠነኛ ነው።

ስለዚህ ዘመድ ከአሜሪካ «ለነርቭ ጥሩ ነው» ብሎ የላከው ጠርሙስ ካለ፣ ከመከፈቱ በፊት ለካንሰር ሐኪሙ ይታይ። ጣት መደንዘዝ ከጀመረም «ያልፋል» ተብሎ አይዋጥ። ቀጣዩ ዙር ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ ይነገር፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ቀኑን ማዘግየት የሚቻለው ያኔ ነው። «ሸሚዜን መቆለፍ አቃተኝ» ማለት ይበቃል።