ለስንት ቀን?

የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ህመም ማስታገሻ ሱስ ነው። በተለይ ሐኪም አዞት ተጀምሮ፣ በኋላ ማቆም ስለሚያቅተው። ኃላፊው ማነው የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ ግን ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ፋርማሲስት ነኝ። እዚሁ ከተማ ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት በክራንች እያነከሰ ወደ መድኃኒት ቤቴ ገባ። የጭነት መኪና ረዳት ነው። ጣርማ በር ላይ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ጭነት ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። የያዘው ማዘዣ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ 50 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ10 ቀን ይላል። ትክክለኛ ማዘዣ ነው። የአጥንት ስብራት ያመማል፣ መታገስ አለበት የሚል ሰው ተሰብሮ አያውቅም። ሰጠሁት።

ከ10 ቀን በኋላ ያንኑ ማዘዣ ይዞ መጣ። «ዶክተር፣ ሌሊቱን አላስተኛኝም» አለኝ። ሰጠሁት። ቀጥሎ ሲመጣ ማዘዣም አልያዘም፣ ባዶውን ስትሪፕ ብቻ አሳየኝ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ስትሪፑንም ማሳየት ተወ። በሩ ላይ ሳየው እጄ ራሱ ወደ መደርደሪያው ይሄድ ነበር። ክራንቹን ከጣለ በኋላም ይመጣ ነበር። በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ እየሄደ ለተሰበረ እግር ማስታገሻ ይገዛ ነበር። አየሁት፣ ግን ልብ አላልኩም። ደንበኛዬ ነበር።

አንድ ቀን እናቱ መጡ። ከመንዝ ነው የመጡት። ባንኮኒው ላይ የቋጠሩትን መሀረብ ፈቱ። ከውስጡ ባዶ ስትሪፖችና ትንንሽ የመድኃኒት ፖስታዎች ወጡ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይሄ መድኃኒት መቼ ነው የሚያልቀው? የአባቱን በርኖስ ሳይቀር ሸጦታል» አሉኝ።

ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው። የእጅ ጽሑፌ ነው። ሁሉም ላይ «ጠዋት 1፣ ማታ 1» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ «ለስንት ቀን» የሚል መስመር አለ። የመጀመሪያው ፖስታ ላይ 10 ይላል። ሌሎቹ ሁሉ ላይ መስመሩ ባዶ ነው። እኚያ እናት ማንበብ ሳይችሉ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁኝ። እኔ ማንበብም መጻፍም እየቻልኩ ለወራት አልጠየቅኩትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። ለሥራ እውነት ነው። ጥፋት ግን ለሃምሳ ሰው ሲከፋፈል ለማንም አይከብድም። ሐኪሙ «እኔ ያዘዝኩት ለ10 ቀን ነው» ይላል። ፋርማሲስቱ «እኔ ባልሸጥለት ጎረቤቴ ይሸጥለታል» ይላል። ተቆጣጣሪው «የሰው ኃይል የለኝም» ይላል። ቤተሰቡ «ሐኪም ያዘዘው ነው ብለን» ይላል። ሁሉም የየራሱን ሎሚ ደብቆ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ማምለጥ የማይችለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም የታመመው። እሱን «ሱሰኛ» ብለን ስም እንሰጠውና በራችንን እንዘጋለን።

አሜሪካ ውስጥ በማስታገሻ ሱስ የሆነው ይሄው ነው፣ እጅግ በገዘፈ መልኩ። እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት አጭር ደብዳቤ ወጣች። ሆስፒታል ውስጥ ሞርፊንን የመሳሰሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችን ከወሰዱ 11,882 ሰዎች መካከል በሱስ የተያዙት 4 ብቻ ናቸው ትላለች። ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቤቱ ወስዶ ለወራት ስለሚውጥ ሰው አንድም ቃል የላትም። ይህች ደብዳቤ ግን «ሱስ አያስይዝም» ለሚል ስብከት ማስረጃ ሆነች። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ ሻጮቹ ከሐኪም ሐኪም እየዞሩ የሱስ አደጋው አነስተኛ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኩባንያው ጋር የተያያዘ ድርጅትና ሦስት ኃላፊዎች መድኃኒቱን በሚያሳስት መንገድ ማስተዋወቅን በሚመለከት ክስ ጥፋተኛነታቸውን አመኑ። ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። ከሦስቱ አንዱም እስር ቤት አልገባም። ሽያጩም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው እንደገና ጥፋተኛ ነኝ አለ። በመሀል የባለቤቶቹ ቤተሰብ ከኩባንያው ያወጣው ገንዘብ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

እዚያ ትልቁ ሎሚ የኩባንያው ነው፣ በዚህ ምንም ጥርጥር የለኝም። እያወቀ ነው የዋሸው። ግን ኩባንያው ብቻውን አልቻለም። አምኖ ያዘዘ ሐኪም ነበር። እየቆጠረ ያስረከበ እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ነበር።

እኛ ጋ አንድም ኩባንያ መጥቶ አልዋሸኝም። እጄን የያዘው ልማድ ነው። ለዚህ ነው የእኛ ጥፋት ትንሽ የሚመስለው።

እስቲ ስለ መድኃኒቱ ራሱ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ትራማዶልን ጠንከር ያለ ፓራሲታሞል አድርጎ ያየዋል። ስህተት ነው። ትራማዶል የሞርፊን ዘመድ ነው፣ ኦፒዮይድ ከሚባሉት ወገን። ጀርመን አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ገበያ ላይ ሲውል ቀላል ነው ተብሎ ነበር። አንጎል ግን ይለምደዋል። ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። ሲቋረጥ ደግሞ ያዛጋል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ያልባል፣ ቆዳ ይሸክካል፣ አጥንት ይቆረጥማል፣ ሆድ ይበጠበጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እዚህ ደብረ ብርሃን እንዲህ የሆነ ሰው ምን ይላል? «ብርድ መታኝ» ይላል። እናቱም ታምነዋለች፣ ትኩስ ነገር አፍልታ ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ የድሮው ህመም የተመለሰ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ፍሬ ይውጣል፣ ወዲያው ይሻለዋል። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። መጠኑ ሲበዛ ያንዘፈዝፋል። ከአረቄ ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽ ያቆማል። አረቄ እኛ ዘንድ የትም እንዳለ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ መድኃኒቱን እናጥፋው? አይደለም። ይህን ስናገር በጣም ነው የምጨነቀው፣ አንዳንድ ሰው ከሱስ ወሬ በኋላ ህመምተኛን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራልና። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በሚባል የሕክምና መጽሔት የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት አለ። በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ውስጥ ድሃ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው ይላል። አንዱ አገር በመብዛቱ ይሞታል፣ ሌላው በማጣቱ እየጮኸ ይሞታል። ካንሰር አጥንቷ የገባባት እናት ሞርፊን ያስፈልጋታል። በእነዚህ የመከራ ዓመታት አካሉ የጎደለ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ ድንኳን ውስጥ የተኛ ወገን ማስታገሻ ያስፈልገዋል። እነሱን ፈርተን ከመለስን ሌላ ጥፋት ጨመርን ማለት ነው።

ሐኪሞች፣ ስታዙ ማቆሚያውንም አብራችሁ ንገሩ። «ሲያልቅ ተመለስና ልይህ» ማለት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ወረፋው እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም።

ቤተሰቦች፣ የተረፈ ኪኒን ለጎረቤት አትስጡ። «እኔን ያሻረኝ ነው» ብሎ መስጠት ደግነት ይመስላል። ደግሞም በድንገት አታስቁሙ፣ ደብቃችሁ አትጣሉበት። ለወራት የወሰደ ሰው በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው።

የዕድር ዳኞች፣ የሚያስቸግር ልጅ ያለው አባል ሲመጣላችሁ ከምክሩና ከጠበሉ ጋር ወደ ጤና ተቋምም ላኩት። ሁለቱ አይጣሉም።

እናንተ የሙያ ባልደረቦቼ ግን፣ ለእናንተ ነው ዋናው ነገሬ። ከእኛ በኋላ ሌላ በር የለም። ሐኪሙ ቢሳሳት እኛ እንይዘዋለን፣ እኛ ስንሳሳት የሚይዘን የለም። ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ መከልከሉን ሁላችንም ተምረነዋል፣ ግድግዳችን ላይም ለጥፈነዋል። «ጎረቤቴ ይሸጥለታል» የሚለውን ነገር ለ17 ዓመት ብዬዋለሁ። ጎረቤቴም ስለ እኔ ያንኑ ሲል ነበር። ከወር በፊት ሄጄ አነጋገርኩት። ሻይ ጠጣን። ያለ ማዘዣ ላንሰጥ ተስማማን። ለስንት ዓመት ያልሠራነውን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨረስነው። በየሰፈራችሁ ያሉት ሁለትና ሦስት መድኃኒት ቤቶች ይህን ማድረግ ይችላሉ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ።

ያንን ልጅ እናቱ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ከዚያ «እኔም እየዋሸሁህ ነበር» አለኝ። ሐኪም ጋ አብረን ሄድን። መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰለት ነው። አንዳንድ ሳምንት ይከብደዋል፣ ተቆጥቶ የሚወጣበት ቀን አለ። በየማክሰኞው ማዘዣውን ይዞ ይመጣል። ፖስታው ላይ «ለ7 ቀን» ብዬ ጽፌ፣ ጮክ ብዬ አንብቤለት እሰጠዋለሁ። እናቱም አጠገቡ ቆመው ይሰማሉ።

አመሰግናለሁ።